ከአንድ ሰው አንድ ጉርሻ

የተያዝኩት ከዋጃ ወደ ቆቦ ስመለስ፣ ኬላው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አይሱዙው ላይ የጫንኩት ሽንኩርት ነበር። ለፍተሻ ውረድ ሲሉኝ አልደነገጥኩም፤ ሽንኩርት ምን ያስጠይቃል? ያስጠየቀኝ ኪሴ ውስጥ የነበረች ቁራጭ ወረቀት ናት። ያኔ በአካባቢው የስልክ መስመር ከጠፋ ሰንብቷል። ነጋዴ ደግሞ ወሬ ካጣ ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ እየጠየቅኩ የት ምን እንደተወደደ፣ የቱ መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የት መኪና እንደሚመልሱ እጽፍ ነበር። ጽሕፈቴን ሚስቴም አታነበውም። ፈታሹ ወረቀቷን ገለባብጦ አያት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዋጋ ነው።»

«የምን ዋጋ?»

«የሽንኩርት፣ የማሽላ፣ የጤፍ።»

«እሺ፣ መንገዱን ምን አስጻፈህ?»

«ጤፍ በእግሩ አይሄድማ» አልኩት።

ይህችን ባልጨምር ኖሮ ምናልባት ምሳዬን ቤቴ እበላ ነበር። መረጃ በማቀበል ተጠርጥረሃል ተባልኩ። መኪናውን ለሹፌሬ አደራ ብዬ ሄድኩ። ሽንኩርቱ ቆቦ ገባ፤ እኔ ቀረሁ።

ያስገቡኝ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ከላይ ላብ፣ ከሥር የከረመ የማሽላ አቧራ። መጋዘን የማውቀው ዕቃ ነው። ወርዱንና ቁመቱን በዓይኔ ለካሁና ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ገመትኩ። እህል ቢሆን እንዲህ አጠጋግቶ የሚደረድረው ሰው አይኖርም፤ አየር ካላገኘ ይበላሻል። እዚያ ግን አርባ የምንሆን ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን እንቀመጥ ነበር። ከጣሪያው ሥር ሁለት ጠባብ መስኮቶች አሉ። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ የቆቦን ሙቀት ለሚያውቅ ሌላ መናገር አያስፈልገኝም።

በሩ እንደተዘጋብኝ ጺማቸው በሂና የቀላ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የአፋር ሰው ናቸው፤ የፍየል ነጋዴ። መካ ሄደው አያውቁም፤ እኛ ግን በጺማቸው አይተን ሃጂ እንላቸው ነበር። ለምን ታሰርክ አላሉኝም። ውሃ አስጠጡኝና «ምን አየህ?» አሉኝ።

«የት?»

«መንገድ ላይ ነዋ። ከቤትህ ስትወጣ ጀምረህ ተናገር።»

ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ጆሮውን ሰጠኝ። በኋላ እንደገባኝ በእሳቸው አገር ሁለት መንገደኛ ከተገናኘ ግመሉን አቁሞ፣ ቁጭ ብሎ፣ ወሬ ሳይለዋወጥ አይለያይም። ዳጉ ይሉታል። ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፤ የቀላቀለ ሰው ሁለተኛ ወሬ አይጠየቅም። ከዚያ የከፋ ቅጣት ለሰው አላውቅም፤ ለኔ ብጤማ ሞት ነው።

«ኬላው ላይ መኪና ተሰልፏል» አልኩ።

«ስንት?»

«ብዙ ነው፣ ሃጂ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም። ሽንኩርትህንም እንዲህ ነው የምትሸጠው?»

መጋዘኑ ሳቀ። «የሮቢት መንገድ ተከፍቷል» ስላቸው ደግሞ «አየኸው?» አሉኝ። ሹፌር ነግሮኝ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ሰማህ እንጂ አላየህም» ብለው ወደ ግራቸው ዞሩ። በግራቸው አንድ ከሲታ ሰው ተቀምጧል፤ የመነጽሩ አንድ እጀታ በክር የታሰረ። ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያልኩትን በሆዱ ይይዛል። የመጋዘኑ ጋዜጠኛ እሱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ይህ ሰው ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠርጎ «ጤና ይስጥልን፤ ዜና» አለ። አንደኛ የመጋዘኑ ዜና ነው፤ ማን ተጠራ፣ ማን ታመመ፣ ማን ስንቅ መጣለት። ሁለተኛ የቆቦና የአካባቢዋ። የዓለም ዜና መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ምክንያቱም ዓለም እኛ ጋ የሚደርሰው ምሳ በተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። የዛሬ ዓመት የተደረገ የኳስ ጨዋታ ትኩስ ተደርጎ ይነበብልን ነበር፤ ውጤቱን የሚያውቅ ካለ አፉን እንዲይዝ ይለመናል። በመጨረሻ የአየር ጠባይ። «ዛሬም ይሞቃል» ይልና ይወርዳል።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ያለ ዜናው ያ ቤት የሚቻል አልነበረም። አንድ እስረኛ ሚስቱ መውለዷን ከባልዲው ላይ ነው የሰማው። «ሴት ልጅ ናት። ይህ የተሰማ እንጂ የታየ አይደለም» አለ ጋዜጠኛው። ሰውየው ሦስት ቀን ልደሰት አልደሰት እያለ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ስንቅ ይዛ የመጣች ጎረቤት ሕፃኗን በዓይኗ ማየቷ ተነገረና ዜናው ጸደቀ። ያን ዕለት አርባ ሰው በአንድ ጊዜ አባት ሆነ።

ችግሩ ጋዜጠኛው ራሱ ነው። ቤተሰቡ ከተዘጋው መንገድ ወዲያ ስለሆነ ስንቅ አይመጣለትም። እስር ቤቱ በሚሰጠው ደረቅ ዳቦ ነበር የሚኖረው። ሰው ይጋብዘዋል፤ ግን ዛሬ የጋበዘው ነገ ይረሳል፤ ሁሉም ሌላው አብልቶታል ብሎ ያስባል። አንድ ቀን ጠዋት ዜናውን ሳይጨርስ ከባልዲው ላይ ወደቀ። የአየር ጠባዩን ሳንሰማ ቀረን።

እኔ ነገሩን እንደ ነጋዴ አየሁት። ይህ ሰው ሥራ እየሠራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ስፖንሰር አገኘሁለት። ካቦአችን፣ ማለት ጠባቂዎቹ በላያችን የሾሙት የቤቱ አለቃ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር። ፍራሹ መስኮቱ ሥር ነው። ባለ አራት ድርብ ምሳ ዕቃ ይመጣለታል፤ የላይኛው ድርብ ሁልጊዜ ሥጋ ነው። ሥጋው የክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ስለሆንኩ አላስጎመጀኝም ብል ግማሹ እውነት ነው።

«አያ ካቦ» አልኩት፣ «ይህን ሰው አንተ አብላው። ስምህ በየጠዋቱ ባልዲ ላይ ይነሳል።»

«በየጠዋቱ?»

«ከዓለም ዜና በፊት።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ስሙን ሲጠሩለት ይወዳል እንጂ። ተስማማ። ከዚያ ጀምሮ ጋዜጠኛው «ይህን ዜና ያቀረቡልን ካቦአችን ናቸው፤ ምሳ ዕቃቸው አይጉደል» ብሎ ይጀምራል፤ እኛ አሜን እንላለን። ጉንጩ ሞላ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ዜናው ረዘመ። «ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው» ተባልኩ። እኔም አልተቃወምኩም።

በዚያው ሰሞን ውሃችን በግማሽ ቀነሰ። በፊት በጋሪ ሁለት በርሜል ይመጣልን ነበር። ካቦው «ሁለቱንም ሊከለክሉን ነበር፤ ለምኜ ለምኜ አንዱን አስቀረሁላችሁ» አለን። አመሰገንነው። ምስጋናውም በዜና ተነበበ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስለ እያንዳንዷ መስመር ጠየቀኝ። እያንዳንዷን አስረዳሁት። ሲሰለቸው ወንበሩን ደገፍ አለና «ለመሆኑ ይሄ ሽንኩርት መቼ ነው የሚረክሰው?» አለኝ።

«እኔን ስትፈቱኝ» አልኩት። አልሳቀም፤ ግን ጻፈው።

ስመለስ በቢሮው ጓሮ ነው ያሳለፉኝ። እዚያ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከጥላው ሥር ካቦአችን ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አጠገቡ አንዱ ጠባቂ ቆሟል። ከጎናቸው ሁለተኛው በርሜላችን አለ፤ ጠርዙ የተጨረመተው፣ የማውቀው በርሜል። ከሱ ውሃ ከተቀዳበት ገንዳ ለበዓል የሚቀለቡ ፍየሎች ይጠጣሉ። ጠባቂው «ውሃው እስካለ ድረስ ወንበሩም አለልህ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ካቦው አላየኝም፤ ዓይኑን ከድኖ ነፋሱን እየተቀበለ ነበር።

ገባሁ። ሃጂ እንደ ልማዳቸው «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

ይህችን ቃል ስናገር ምን እያሰብኩ እንደነበር አልረሳውም። እውነቱን ካወጣሁ ጋዜጠኛው ምሳውን ያጣል፤ ምሳውን ካጣ ከባልዲው ይወድቃል፤ ያሰርኩትን ውል እኔው ራሴ እፈታዋለሁ። ሃጂ ትክ ብለው አዩኝ።

«ፍየልም አላየህ?»

«የምን ፍየል?»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አራት ፍየሎች አሉ። አንዷ ትስላለች። ሰባት ቀኔ ነው ስሰማት። አንተ በዚያ አልፈህ ካላየሃቸው ወይ ዓይንህ ታሟል ወይ ሌላ ነገርህ።»

የፍየል ነጋዴን በፍየል ማታለል አይቻልም። ለእሳቸውና ለጋዜጠኛው ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ፣ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። ጋዜጠኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያዘው። «ነገ ይነበባል» አለ።

መጋዘን ውስጥ ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር የለም። ካቦው ከጥላው ሲመለስ ወሬው ቀድሞ ጠበቀው። ሄዶ ጋዜጠኛው አጠገብ ተቀመጠ፤ አልጮኸም።

«ወንድሜ፣ ይህችን አንዷን ዝለላት። እኔ እስከዛሬ ይህን አንብብ ይህን አታንብብ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«አየህ» አለና ምሳ ዕቃውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲው ተደፋ፤ የሚቆምበት ሰው ግን አልመጣም። «ዛሬ ዜና የለም» አለ ጋዜጠኛው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያ ቤት እንደዚያ ዝም ብሎ አያውቅም። አርባ ሰው የሚያደርገውን አጥቶ የየራሱን እግር ያያል። የፍየሏ ሳል ለኔም ተሰማኝ።

ተጠግቼው «ለምን አላነበብከውም?» አልኩት።

«ዘልዬ ማንበብ አልፈለግኩም። አንዷን ከዘለልኩ የዚያ ሰውዬ ልጅ መወለዷም አይታመንም።»

«እሱስ ገባኝ። ሙሉውን ለምን አላነበብከውም ነው የምልህ?»

«እውነቱን ልንገርህ? ምሳው ትዝ አለኝ» አለ።

ከዚያ ነገረኝ። ከመታሰሩ በፊት ትንሽ ጋዜጣ ነበረችው። ማስታወቂያውን በሙሉ አንድ የሆቴል ባለቤት ገዛለት። እፎይ ብሎ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የዚያ ሆቴል ፍሳሽ ሰፈሩን አበላሽቶ ሰዎች ሊነግሩት መጡ። ወረቀቱን ይዞ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ በመጨረሻ ስለ ሠርግ ወጪ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጋዜጣዋን መግዛት ተወ። «ማንም አልዘጋብኝም» አለኝ። «እኔ ነኝ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ያስቀመጥኳት። እሱ ሲዞር አብራ ዞረች።»

አፈርኩ። ይህ ሰው በገዛ ጋዜጣው የሠራውን ስህተት እኔ ባልዲ ላይ ደገምኩበት። እኔ እኮ ሽንኩርቴን እንኳ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ሸጬ አላውቅም! አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ፣ ነጋዴ ሳይሆን ተቀጣሪ ነው። ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም።

ምሳ ገባ። ሰዉ የየራሱን ሳይከፍት ተነስቼ ቆምኩ።

«ጎበዝ፣ ዜና የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ።» ሁሉም አወጣ፤ ካቦውም ጭምር፤ ከልማድ ይመስለኛል። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው ሁላችንም ነን የምናበላው። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ጉርሻ። ማን ምን እንዳጎረሰው እንዳያይ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«እኔ ወጥ የለኝም፤ ዳቦ ነው ያለኝ» አሉ ሃጂ።

«ዳቦም ይጎረሳል፣ ሃጂ።»

እስከዚህ ሁሉም ተስማማ። ጠቡ የመጣው ከኋላ ነው። አንዱ የሮቢት ገበሬ «አንድ ጉርሻ? አንድ ብቻ? ምን ዓይነት ነውር ነው!» ብሎ ተነሳ። እውነቱን ነው። በአገራችን አንዴ አጉርሶ እጁን የሚሰበስብ የለም። ሁለተኛው ግዴታ ነው፤ የማያጎርስ ንፉግ፣ የማይቀበልም ባለጌ ይባላል። አሥር ሰው ባንድ ጊዜ ተንጫጫ።

«ሁለት ያጎረሰ ሰው ነገ ግማሹ ዜና የኔ ነው ይላል» አልኩ። «ባለ ሥጋው ከባለ ሽሮው እኩል ካልሆነ ወደ ትናንትናችን ተመለስን ማለት ነው።»

ገበሬው አሰበ። «እሺ፤ ግን እናቴ እንዳትሰማ» አለ።

ጋዜጠኛው ባልዲው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሰልፍ ያዝን። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ንፍሮ፣ የሃጂ ዳቦ፣ አንዱ ደግሞ ቃሪያውን በሙሉ ጠቅልሎ አጎረሰውና እንባው ወረደ። አንድ ብቻ ከተባለ ብሎ ሁሉም የጉርሻውን መጠን አሳደገዋ! አንዱ የጠቀለለውን በሁለት እጁ ነው የተሸከመው። «ቀስ በሉ እባካችሁ፣ ዜናው በሕይወት ይቅረብ!» ይላል አንድ ሰው። ጋዜጠኛው አፉ ሞልቶ በእጁ ይማጸናል። ከታሰርን ወዲህ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ካቦው መጣ። ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰው፤ ጋዜጠኛው ተቀብሎ በላ። ሥጋ የሚመጣው ከአንድ ቤት ብቻ ስለሆነ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ካቦው ግን አልሄደም። ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ጠቀለለ፤ ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ ቅቤ የሚያንጠባጥብ። ወደ ከንፈሩ አስጠጋው።

«ደንብ ነው፤ ሁለተኛው ግድ ነው» አለ በለሆሳስ።

ጋዜጠኛው አፉን ዘጋ። ዓይኑን አልገለጠም፣ ፊቱን አላዞረም፣ እጁን አላነሳም። አፉን ብቻ ዘጋ። ቅቤው ሸሚዙ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ያ ሰው ከሳምንታት በፊት በረሃብ ከዚያች ባልዲ ላይ ወድቋል፤ ከንፈሩ ላይ ያለው ደግሞ የቤቱ ምርጥ ምግብ ነው።

«እንዴ፣ በሰው ፊት ልታሳፍረኝ ነው?» አለ ካቦው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻውን አየ፤ እኛን አየ፤ የሚያደርገው ጠፋበት፤ መልሶ ራሱን አጎረሰ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። ካቦውም ሊስቅ ሲል ጉርሻው አነቀው። «ውሃ! ውሃ!» ተባለ። ውሃ የለም፤ የዕለቱ አልቋል። ሃጂ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ ያስቀሯትን ጣሳ አምጥተው አጠጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ ጣሳዋን ይዞ ባዶ ውስጧን ሲያይ ቆየ።

ጋዜጠኛው ባልዲው ላይ ቆመ። «ጤና ይስጥልን፤ የዘገየ ዜና። ከሁለቱ በርሜል ውሃችን አንዱን ፍየሎች እየጠጡት ነው። ይህ የታየ ነው። ለውሃው ምላሽ የኒም ዛፍ ጥላ እንደሚሰጥ ተነግሯል። ይህ የተሰማ ነው። ከፍየሎቹ አንዷ ትስላለች። በጉዳዩ ላይ ካቦአችን የሚሉት ካለ ባልዲው ክፍት ነው።»

ካቦው አፉን ጠረገ። «ምን ልበል?» አለ። «ሞቆኝ ነበር።»

«አንተን ብቻ!» አለ ገበሬው፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። ከበሩ ውጭ የቆመው ጠባቂም ሲስቅ ተሰማ። ካቦው ጥላውን ተወ፤ በማግስቱ ሁለት በርሜል ገባ። ካቦው እስከ መጨረሻው በየቀኑ አንድ ጉርሻውን እየሰጠ ዜና ሰማ፤ እንዲያውም የዓለም ዜና አጠረ እያለ የሚነጫነጨው እሱ ነበር።

እንዴት እንደተፈታን አላውቅም። ለምን እንዳሰሩን ያልነገሩን ሰዎች ለምን እንደፈቱንም አልነገሩንም።

ዛሬ ጋዜጠኛው ቆቦ ውስጥ ባለ ሁለት ቅጠል ወረቀት ያወጣል። ኔትወርክ ሲኖር በስልክም ይለቀዋል፤ ሲጠፋ ባጃጅ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል። የሚያኖሩት ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቷ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ እኛ አትክልት ነጋዴዎችና ሌሎችም ነን። ሁሉም ድርሻው እኩል ነው። ሀብታም አይሆንም፤ መነጽሩ አሁንም በክር ነው። ግን አንዱ ሲቀየምና ሲተው ወረቀቷ አትወድቅም። ደግሞ ሰው ይቀየማል፤ የማያስቀይም ወረቀት ማን ያነባል?

በቀደም ስለ ሽንኩርት ነጋዴዎች ጻፈ፤ ከጆንያው አፍ ትልልቁን፣ ከሥር ደቃቁን ስለሚደረድሩ። ከማውጣቱ በፊት መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። «ሁሉም ያደርገዋል» አልኩት። ይህንንም ጻፈው። ስም አልጠራም፤ «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያሉት ነጋዴ» አለ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ አንድ ነው። ጠዋት ስከፍት ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ጆንያ ዘርግፍ እያሉ ይሳሳቃሉ።

ከሰዓት ለወር ድርሻ መጣ። በሩ ላይ ቆም አለ።

«ተቀየምክ እንዴ?»

«በጣም።»

«እንግዲህ ልለፍህ?»

«ማን እለፈኝ አለህ?» ብዬ ድርሻዬን ሰጠሁት።

እሱ ሲሄድ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ዘርግፌ ትልቁን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ መለየት ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ደቃቁም ለብቻው ገዢ አለው ለካ።